«ኮ-ኮ» ላይ ፒያኖ የሚመታው ማን ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ያረፉት ጎረቤትሽ ልጆች ከሰጡሽ ሳጥን ውስጥ የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹ የቻርሊ ፓርከር ሎንግ ፕሌይ (በአንድ ፊቱ ብዙ ዜማ የሚይዝ ሸክላ) ወጥቷል። ሽፋኑ ላይ የዜማዎቹ ስም አለ፤ ከፓርከር ሌላ የተጻፈው ተጫዋች ግን ትራምፔት ነፊው ማይልስ ዴቪስ ብቻ ነው፣ ቀንም የለውም። አንቺም ከዜማዎቹ አንዱ በሆነው «ኮ-ኮ» ላይ ፒያኖውን የሚመታው ማን ነው ብለሻል። ከዚያ ሌላ ምንም ያልተጻፈበት የቴፕ ክር አለ፤ አስተዋዋቂ ይናገርበታል፣ ፓርከርም «ኋይት ክሪስማስ»ን ይጫወትበታል። የቴፑ ይቀላል። የፒያኖው ጉዳይ ግን ሰው ሲከራከርበት የኖረ ነገር ስለሆነ ትንሽ ታገሺኝ። ቀኖቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ሽፋኑን አትመኚው። እኔ ይህን የተማርኩት በኪሴ ነው። እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ አንድ ሻጭ «የ1945 ኦሪጅናል ነው» ብሎ አንድ ሎንግ ፕሌይ በስልሳ ዶላር አሸከመኝ። ቤት ገብቼ ሳጫውተው ሙዚቃው እውነትም የ1945 ነው፤ ሸክላው ግን ሊሆን አይችልም። ኮሎምቢያ የተባለው የሸክላ ኩባንያ ሎንግ ፕሌይን ለገበያ ያወጣው በ1948 ነዋ! ከዚያ በፊት የነበረው በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው፣ አንድ ፊቱ ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ የሚይዘው፣ ከእጅ ካመለጠ የሚሰባበረው ነው። «ሸክላ» የሚለው ስም በደንብ የሚገባውም ለእሱ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለት ቀን ነው የምትፈልጊው፤ የተቀዳበት ቀንና የታተመበት ቀን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን አንድ አድርጎ ነው።

ሸክላውን ከመብራት ስር አዘንብለሽ፣ ሙዚቃው አልቆ ከመሃሉ ወረቀት በፊት ያለውን ባዶ ቀለበት እዪው። የተጫረ ወይም የተመታ ቁጥር ታገኛለሽ። በ78ቱ ላይ ይህ ቁጥር የሚናገረው ስለ ቀረጻው ነው። ሳቮይ የተባለው ኩባንያ «ኮ-ኮ»ን በቀዳበት ዕለት የተሠሩት ዜማዎች ከኤስ5850 እስከ ኤስ5853 ተከታታይ ቁጥር አላቸው፣ «ኮ-ኮ» የመጨረሻው ነው። ከቁጥሩ ኋላ የሚመጣው ደግሞ ስንተኛው ሙከራ እንደሆነ ይነግርሻል። ባንቺ ሎንግ ፕሌይ ላይ ግን የምታገኚው የሎንግ ፕሌዩን ፊት ቁጥር ነው፤ እሱ ለኅትመቱ እንጂ ለቀረጻው አይመሰክርም።

ቀጥሎ የምትጠይቂው «መቼ ሊቀዳ አይችልም?» ብለሽ ነው። የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበር ከኦገስት 1 ቀን 1942 ጀምሮ አባላቱ ለሸክላ ኩባንያ እንዳይቀዱ ከልክሎ ነበር። ዴካ በ1943 ተስማማ፣ ኮሎምቢያና ቪክተር እስከ ኖቬምበር 1944 ቆዩ። ቢቦፕ የተባለው የእነ ፓርከር አዲስ የጃዝ ስልት ሲወለድ ድምፁን በደንብ ያልሰማነው በዚህ ምክንያት ነው። ፓርከርና ትራምፔት ነፊው ዲዚ ጊለስፒ አብረው የተጫወቱበት የኧርል ሃይንስ ባንድ በኩባንያ የተቀዳ ሸክላ የለውም። ስለዚህ አንድ ሰው የዚህን ባንድ «የ1943 የስቱዲዮ ቅጂ» ካለሽ ፈገግ ብለሽ እለፊው። ሁለተኛው ክልከላ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1948 እስከ ዲሴምበር አጋማሽ ነው። ይሄኛው ግን ወንፊት ነበር፤ ሳቮይ «ፓርከርስ ሙድ»ን የቀዳው እዚያው ክልከላ መሃል፣ በሴፕቴምበር 1948 ነው። እኔም አንድ ጊዜ ክልከላውን ብቻ ተማምኜ ያንን ቀረጻ «የ1947 መሆን አለበት» ብዬ በሰው ፊት ተከራክሬ አፍሬያለሁ።

አሁን ወደ ፒያኖው። ቀኑ ሰኞ፣ ኖቬምበር 26 ቀን 1945፣ ኒው ዮርክ ነው። ፓርከር አልቶ ሳክስፎን፣ ከርሊ ራስል ቤዝ፣ ማክስ ሮች ድራም፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ማይልስ ዴቪስም ነበረ፣ ገና የ19 ዓመት ልጅ። ፒያኖ ላይ ይጠበቅ የነበረው ባድ ፓወል ሳይመጣ ቀረ። የመጡት አርጎን ቶርንተን (ኋላ ሳዲክ ሃኪም የተባለው) እና ዲዚ ናቸው። ዲዚ ሸክላው ላይ በስሙ አልተጠራም፣ «ሄን ጌትስ» ተባለ።

ሸክላሽ በዚያው ዕለት የተቀዳው «ናውስ ዘ ታይም» ካለበት መጀመሪያ እሱን አጫውቺ። ትራምፔቱ ማይልስ ነው፤ መሃል ድምፅ ላይ ይቆያል፣ ኖታ ይቆጥባል፣ ትንሽም ያመነታል። ከዚያ «ኮ-ኮ»ን አስከትዪ። መግቢያው ላይ ትራምፔቱ ሽቅብ ወጥቶ እንደ እሳት ሲንቀለቀል ትሰሚያለሽ፤ ያ ዲዚ ነው። ማይልስ ራሱ ያንን መግቢያ ለመጫወት አልደረስኩም ነበር ብሏል። ስለዚህ ሽፋኑ «ትራምፔት፦ ማይልስ ዴቪስ» ብሎ በደፈናው ማለፉ «ኮ-ኮ» ላይ ስህተት ነው። የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን እየሰማ ያደገ ሰው ገና በሁለተኛው ትንፋሽ «እሱ ነው!» እንደሚለው፣ እነዚህን ሁለት ትራምፔቶችም ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ትለያቸዋለሽ።

ቁልፉ ያለው ግን ዝም ባለው ነገር ላይ ነው። መግቢያውን እንደገና ስሚው፤ ከሳክስፎኑና ከትራምፔቱ ጀርባ ድራም ብቻ ነው ያለው፣ ፒያኖ የለም። ፓርከር ሶሎውን ሲጀምር ትራምፔቱ ይጠፋል፣ ፒያኖ ይመጣል። ከዚያ ማክስ ሮች ብቻውን ይመታል። መዝጊያው ላይ ትራምፔቱ ይመለሳል፣ ፒያኖው መልሶ ይጠፋል። አንድ ሰው ትራምፔቱን አስቀምጦ ፒያኖው ጋ ሲሮጥ፣ የድራሙን ሶሎ ተጠቅሞ ደግሞ ሲመለስ ይታየኛል። እኔ ዲዚ ነው የምለው ለዚህ ነው። ቶርንተን ነው የሚሉም አሉ፤ የእሱ ፒያኖ በዚያ ዕለት «ትራይቪንግ ኦን ኤ ሪፍ» ላይ ሶሎ ስለሚወስድ አወዳድረሽ ራስሽ ፍረጂ።

ስትሰሚ «ይሄን ዜማ የት ነው የማውቀው?» ካልሽ ጆሮሽ አልተሳሳተም። «ኮ-ኮ» የተሠራው «ቼሮኪ» በተባለ ሌላ ዘፈን አኮርድ (ከዜማው ስር በሚሄዱት የተደራረቡ ድምፆች) ላይ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ የተቋረጠው እንዲያውም የ«ቼሮኪ»ን ዜማ ራሱን መጫወት ስለጀመሩ ነው። የዜማ ስም ብቻ ይዘሽ መዝገብ ውስጥ ብትፈልጊ የምትጠፊውም በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ አኮርድ በአምስት ስም ይዞራል።

ቴፑስ? አስተዋዋቂው የሚናገረው በሰፊ፣ በተዝናና ድምፅ ከሆነና «ሮያል ሩስት» የሚል የጃዝ ቤት ስም ከጠራ፣ የሬዲዮ ሰው የነበረው ሲምፎኒ ሲድ ነው። ፓርከር እዚያ «ኋይት ክሪስማስ»ን የተጫወተበት የታወቀ ስርጭት የዲሴምበር 25 ቀን 1948 ነው። ትራምፔቱ ኬኒ ዶርሃም መሆን አለበት፤ ማይልስ ባንዱን ጥሎ የወጣው ልክ ከገና በፊት ነው። የቴፑ ሌላ ክፍል ላይ «በርድላንድ» የሚል ከሰማሽ ያ ሌላ ምሽት ነው፣ ያ የጃዝ ቤት የተከፈተው ዲሴምበር 15 ቀን 1949 ስለሆነ። በዚያን ጊዜ ትራምፔቱ ሬድ ሮድኒ፣ ድራሙ ሮይ ሄንስ ሆኗል። የፓርከርን ባንድ ቀን የሚያወጣልሽ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለው ነው።

ቴፕ ላይ ግን ፍጥነቱን ሳታረጋግጪ ማንንም አትለዪ። ስድስት በመቶ ከፈጠነ ሙዚቃው በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፣ የተጫዋቹም ቀለም ይለወጣል። «ናውስ ዘ ታይም» የሚጫወቱት ከኤፍ ነው፤ ቴፑ ላይ ካለ በስልክሽ መቃኛ ለኪው።

አንድ ወጥመድ ልጨምርልሽ፤ ሳጥኑ ውስጥ «ቻርሊ ቻን» የሚል ስም ካየሽ ያው ፓርከር ነው። በሜይ 15 ቀን 1953 ቶሮንቶ ማሲ ሆል የተደረገው ኮንሰርት ሲታተም፣ ውሉ ከሌላ ኩባንያ ጋር ስለነበር በዚህ ስም ወጣ። ቤዙ በደንብ ስላልተሰማ ቻርልስ ሚንገስ በኋላ ስቱዲዮ ገብቶ ደርቦበታል። እንግዲህ የዚያን ሸክላ ቀን ስጪ ብትባዪ ምን ትያለሽ?

አሁን የባዶውን ቀለበት ፎቶ፣ መብራቱን ከጎን አድርገሽ፣ በሁለቱም ፊት አንሺና ላኪልኝ። ቴፑ ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸት ከሆነ ደጋግመሽ አታጫውቺው፣ የሚያውቅ ሰው አንዴ ወደ ዲጂታል ይገልብጥልሽ። ከእሱ ውስጥ አስተዋዋቂው የሚናገርባትን ግማሽ ደቂቃ ብቻ ስደጂልኝ፣ የተጫዋቾቹን ስም ከጠራ ቅዳሜ አብረን እንሰማዋለን።