«ፍጹማን ሁኑ» ሲባል ጡንቻንም ይጨምራል ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ዕድሜዬ 24 ሲሆን ክብደት ማንሳት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ሐሳቤ እንከን የሌለው ሰውነት መገንባት ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት መክሳቴ በመስታወት ይታየኛል። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች «ወይ ጾሙን ተው፣ ወይ ጡንቻ የሚያሳድገውን መርፌ ጀምር» ይሉኛል። በመንፈሳዊ ሕይወቴም ያው ነኝ፤ አንድ ቀን ጸሎት ካመለጠኝ ሳምንቱን እንዳለ እተወዋለሁ። ከ15 ዓመቴ ጀምሮም አልቆረብኩም፤ ሳልስተካከል እንዴት ብዬ? ጌታ «ፍጹማን ሁኑ» ብሏል (ማቴ 5፥48)። በሥጋም በነፍስም ፍጹም መሆን ይቻላል? ካልተቻለስ ለምን እለፋለሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ ስለ ጡንቻ ብዙ ጻፍክ፤ ልብህ ያለው ግን «ሳልስተካከል እንዴት ብዬ» ባልካት ቃል ውስጥ ነው። ስለዚህ ከእሷ እንጀምር። ስለ ጾሙና ስለ መርፌው ኋላ እመለስበታለሁ።

«ፍጹማን ሁኑ» የሚለውን የጠቀስክበት ቁጥር የሚጀምረው «እንግዲህ» በሚል ቃል ነው፦ «እንግዲህ የሰማዩ አባታችሁ ፍጹም እንደ ሆነ እናንተ ፍጹማን ሁኑ።» ያችን «እንግዲህ» አትዝለላት። ከበላይዋ የተነገረውን ታስራለች። ከበላይዋ ያለው ደግሞ ጠላትን ስለ መውደድ ነው፤ እግዚአብሔር ፀሐዩን በክፉዎችና በበጎዎች ላይ ያወጣል፣ ዝናቡንም ለጻድቁና ለኃጢአተኛው ያዘንባል ይላል። ወዳጁን ብቻ የሚወድ ሰው ፍቅሩ ግማሽ ነው፤ ጠላቱን ሲጨምር ይሞላል። ፍጹም የተባለው ይህ ሙሉነት ነው። ቅዱስ ሉቃስ በዚያው ትምህርት ውስጥ «አባታችሁ ርኅሩኅ እንደ ሆነ ርኅሩኆች ሁኑ» ብሎ የጻፈው (ሉቃ 6፥36) ነገሩን እንዳንስተው ነው።

እኛ ግን ፍጹም ስንባል የሚመጣብን ስንጥቅ የሌለው ብርጭቆ ነው። ብርጭቆ ከተሰነጠቀ ይጣላል። ስለዚህ አንድ ቀን ጸሎት ያመለጠው ሳምንቱን ይጥላል፤ ረቡዕን የሻረ ዓርብንም ይሽራል፤ በአንድ ኃጢአት የወደቀ «አንዴ ቆሽሻለሁ» ብሎ ሌላውን ይደርባል። ይህን አስተሳሰብ በወጣቶች ዘንድ ብዙ ጊዜ አግኝቼዋለሁ። የሚያሳዝነው ትሕትና መስሎ መምጣቱ ነው። «እኔ ማን ነኝና እቆርባለሁ» የሚለው ቃል ከአንደበት ሲወጣ ያምራል፤ ከሥሩ ግን «በራሴ ኃይል ከነጻሁ በኋላ ወደ እግዚአብሔር እመጣለሁ» የሚል ሐሳብ ተቀብሯል። በራሱ የነጻ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል? ጡንቻ ሳወጣ ጂም እገባለሁ የሚል ሰው ቢያጋጥምህ ምን ትለዋለህ? ለራስህም እሱኑ በለው።

ቅዱስ ጳውሎስን ተመልከት። በፊልጵስዩስ 3፥12 «አሁን ፍጹም እንደ ሆንሁ አይደለም» ይላል፤ ሦስት ቁጥር ዝቅ ብሎ ደግሞ «እንግዲህ ፍጹማን የሆንን ሁላችን ይህን እናስብ» ይላል። ተሳስቶ አይደለም። ገና እንዳልደረሰ አውቆ ወደፊት የሚዘረጋውን ሰው ነው ፍጹም ያለው። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስም የሰው ፍጹምነት ሳያቋርጥ ማደጉ ራሱ እንደሆነ አስተምሯል፤ በጎነት ድንበር የለውምና። የአባቶቻችን ዐሥሩ የቅድስና መዓርጋትም የሚወጡት ደረጃ በደረጃ ነው፦ ከንጽሐ ሥጋ ወደ ንጽሐ ነፍስ፣ ከዚያም ወደ ንጽሐ ልቡና። በመካከላቸው «ኵነኔ» የሚባለው መዓርግ አለ፤ ሥጋ ለነፍስ የሚገዛበት ነው። ሥጋ ይገዛል ተባለ እንጂ ይጠፋል አልተባለም፣ ይመለካልም አልተባለም። ያዕቆብም በ3፥2 ፍጹም ሰው ያለው በቃሉ የማይሰናከለውንና ሥጋውን ሁሉ የሚገታውን ነው። በዚህ መለኪያ 120 ኪሎ ከሚያነሣው ይልቅ ለስድብ የመጣን ቃል በአፉ ውስጥ ይዞ የሚያስቀር ይበልጣል።

እንግዲህ ወደ ሥጋው። እንከን የሌለው ሰውነት መገንባት አይቻልም፤ ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል። የትከሻህን ስፋት የወሰነው አጥንትህ ነው። ጡንቻ በጅማት ከአጥንት ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ከእናትህ ማኅፀን ይዘኸው መጥተሃል፤ ባቱ አጭር የሆነ ሰው ያወፍረዋል እንጂ አያስረዝመውም። የሆድ ጡንቻ ክፍልፋዩ አራት ይሁን ስድስት ወይም ስምንት ልምምድ አይለውጠውም። ግራና ቀኝህም እኩል አይሆኑም። መለኪያውም ራሱ አይቆምም፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1965 ሚስተር ኦሎምፒያ የሚባለውን የጡንቻ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ያሸነፈው ላሪ ስኮት በዛሬዎቹ ተወዳዳሪዎች አጠገብ ቢቆም ትንሽ ይመስላል። መድረክ ላይ የሚጨበጨብለት ሰውም ብዙ ሳምንት ተርቦ ስቡን አሟጥጧል፣ ብዙዎቹ በመጨረሻው ቀን ውኃ ሳይቀር ይቀንሳሉ። ፍጹም ተብሎ የሚታየው ቀን ሰውነቱ እጅግ የደከመበት ቀን ነው፤ መልኩም ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም። ሐዋርያው «ሰውነትን ለማስለመድ ለጥቂት ይጠቅማል» ሲል (1ጢሞ 4፥8) ጥቂቱን አልናቀውም። ጤና፣ ብርታት፣ ከአልባሌ ቦታ መራቅ፣ የራስን ፈቃድ ማዘዝ መልመድ እነዚህ ሁሉ ጥቅሞች ናቸው። ጥቂቱን ጥቂት አድርገህ ያዘው።

በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት በመስታወት የምታየው መክሳት ጡንቻ መጥፋት አይደለም። ጡንቻ ውስጥ የተከማቸ ስኳር አለ፤ አንድ ግራሙ ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይይዛል። ምግብ ሲቀንስ ስኳሩ ይጎድላል፣ ውኃውም አብሮት ይወጣል፣ ጡንቻው የሟሸሸ ይመስላል። ስትፈስክ በጥቂት ቀን ይመለሳል። ክብደት ማንሳቱን ጨርሶ ካልተውክ በ55 ቀን የሦስት ዓመት ድካም አይጠፋም።

ፕሮቲንን በተመለከተ ክብደት ለሚያነሣ ሰው ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ በቀን 1.6 ግራም ይበቃል፤ 70 ኪሎ ከሆንክ 112 ግራም መሆኑ ነው። ይህን ከጾም ምግብ ማግኘት ይቻላል፦ 200 ግራም ጥሬ ምስር ወጥ ሲሠራ 50 ያህል ይሰጥሃል፣ 100 ግራም አኩሪ አተር 36፣ 50 ግራም ኦቾሎኒ 12፣ ከ150 ግራም የጤፍ ዱቄት የተጋገረው እንጀራ 20 ያህል። ድምሩ ከ112 ያልፋል። አኩሪ አተሩን ሳታበስል አትብላ፤ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለው፣ ሆድም ይነፋል። ሌሊቱን ዘፍዝፈህ ቀቅለው ወይም በደንብ ቁላው። ብዙዎች ደግሞ ሳያውቁ የሚስቱት አለ፦ በቆርቆሮ ጣሳ የሚሸጠው «ዌይ» የሚባለው ዱቄት አጓት ነው፣ ከወተት የወጣ ነው፤ በውኃ ቢበጠበጥም የጾም አይሆንም። ክሬቲን የሚባለው የጡንቻ ማበርቻ ዱቄት ግን በፋብሪካ የሚቀመም ነው፤ ከተጠቀምክም በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትገድፍ አንዴ ብላ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ድገም፤ በሁለቱ መካከል፣ አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ ሥራ። በባዶ ሆድና ያለ ውኃ ከባድ ነገር አታንሣ፤ ራስህን ስተህ ብረቱ ደረትህ ላይ ቢወድቅ ማን ያነሣልሃል? የምታነሣውን ክብደት እንዳለ አቆየው፣ ዙሩን ግን ከሦስት አንድ እጅ ቀንስ፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ድግግሞሽ የሚያህል ጉልበት አስተርፍ። በሰሙነ ሕማማት ብረቱን ጨርሶ ተወው፤ በተለይ ከስቅለት በፊት እግር አትሥራ፣ በታመመ ጭን የዓርቡን ስግደት አትችለውምና። ስግደቱንም እንደ ስፖርት ዙር አትቁጠረው፣ ይህን የሚያደርጉ አሉ።

ይህን ሁሉ የነገርኩህ ጾሙን በስሌት እንድታሸንፈው አይደለም። ምንም ሳይጎድልብህ ለመጾም ከለፋህ ስሙ ዳይት ይሆናል። ሁለት ኪሎ ከቀነስህ ቀንስ። ለእንቁላልና ለወተት ታወጣው የነበረውን ገንዘብ ቆጥረህ በሠፈርህ ለሚቸገር ስጥ፤ «እንጀራህን ለተራበ ትቈርስ ዘንድ» የተባለው ጾም ይህ ነው (ኢሳ 58፥7)።

በመርፌው ነገር ግን አልለሳለስም። አታድርገው። በመርፌው ያለው ቴስቶስትሮን የሚባል የወንድነት ሆርሞን ከውጭ ሲገባ አንጎልህ «በቂ አለ» ብሎ ለዘር ፍሬህ የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፤ ፍሬው ይሟሽሻል፣ የሚያመነጨው የወንድ ዘር ይቀንሳል፣ አባት መሆን የፈለግህ ቀን ሊከለክልህ ይችላል። የልብ ጡንቻ ይወፍራል፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ይወርዳል፣ በእንክብል የሚዋጠው ጉበት ይጎዳል። መርፌ ከተዋዋሳችሁ ደግሞ ኤች አይ ቪና ሄፓታይተስ አለ። ጀምረህ ከሆነ ለእኔ እንደጻፍከው ለሐኪም ሳትደብቅ ተናገር፤ በድንገት ሲቋረጥም ሰውነት የራሱን እስኪያመርት ድካምና ጭንቀት ይመጣል። ሥጋህ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው (1ቆሮ 6፥19)፤ ቤተ መቅደስን ለማሳመር ብሎ መሠረቱን የሚነቅል የለም። ደግሞም ባልደከምክበት ጡንቻ ሰው ሲያደንቅህ ዝም ብለህ መቀበልህ ውሸት ነው።

አሁን የምታደርገው ይህ ነው። ጸሎት ባመለጠህ ማግስት የሳምንቱን አትቁጠር፤ የዚያን ቀን ውዳሴ ማርያም ብቻ ድገም። «ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃልና፥ ይነሣማል» ተብሏል (ምሳ 24፥16)፤ ጻድቅ የሚለው ስም በመውደቁ አልተነሣበትም። በዚህ ሳምንት ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ፤ ከሌለህ በአጥቢያህ ያሉትን ካህን ለምን። የተስተካከለውን ብቻ መርጠህ አትንገራቸው፣ ስለ መስታወቱም ስለ መርፌውም ንገራቸው። ቀኖናህን ፈጽመህ «ቁረብ» ሲሉህም «ገና ነኝ» አትበላቸው። ለቁርባን 18 ሰዓት ስለምትጾም ቅዳሜ ከሰዓት ክብደት አታንሣ፤ ከመጾምህ በፊት ውኃ ጠጣ፣ በጊዜ ተኛ፣ ጠዋት ኪዳን ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን ሁን።