አባ ኮዳና ሾላ፦ ጠይቁኝ

የሐዋሳን ሐይቅ ዳር የምታውቁ ሁለቱንም፣ ትልቁን ወፍ አባ ኮዳንና ዛፉን ሾላን፣ ታውቋቸዋላችሁ። ሁለቱን አወዳድራለሁ ስላችሁ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች በተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ አንዱ ወፍ፣ አንዱ ዛፍ። ምኑን ከምኑ ታወዳድራለህ?

መልስ፦ አኗኗራቸውን ነዋ! ሾላ ምግቡን ከፀሐይ፣ ከአየርና ከውኃ ራሱ ይሠራል፤ አባ ኮዳ ሌላው የተወውን ይለቃቅማል። ዛፉ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል፤ ወፉ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ሲደርስ በቃው። ግን ሁለቱም ብቻቸውን አይሆንላቸውም፤ ለኔ ዋናው ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ አባ ኮዳ ሾላ ላይ የሚሰፍረው ፍሬ ሊበላ ነው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ጥንብ፣ ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ አንበጣ፣ ያገኘውን ይውጣል። ከዛፉ የሚፈልገው ከፍታውን ብቻ ነው። ፍሬውን በልተው ዘሩን የሚበትኑት ጦጣ፣ የሌሊት ወፍና ሌሎች ወፎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ሾላ አበባ የለውም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አለው እንጂ። ፍሬ የምንለውን ለሁለት ግመሱት፤ ውስጡ ጥቅጥቅ ብለው የተደረደሩት በሙሉ አበቦች ናቸው። ጫፉ ላይ ጠባብ ቀዳዳ አለች። በዚያች ቀዳዳ ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ እየተጋፋች ትገባለች፤ ስትገባ ክንፏ ይረግፋል፣ የአበባ ዱቄቱን ታደርሳለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ከተፈለፈሉት ውስጥ ክንፍ የሌላቸው ወንዶቹ መውጫ ይቦረቡራሉ፣ ሴቶቹ ዱቄት ተሸክመው ወደ ሌላ ሾላ ይበርራሉ። ግብፅ ውስጥ ሾላ ከጥንት ጀምሮ ይተከላል፤ ተርቧ ግን እዚያ የለችም። ስለዚህ ዛፉ ዘር አይሰጥም፣ ሰው በቅርንጫፍ ያራባዋል፣ ፍሬው እንዲበስልም በስለት ጫር ያደርገው ነበር።

ጥያቄ፦ የአባ ኮዳ እግር ለምን ነጣ?

መልስ፦ ኩሱ ነው! እግሩማ ጠቆር ያለ ነው። ሲሞቀው እግሩ ላይ ይለቅበታል፣ እርጥበቱ ሲተን ይቀዘቅዝለታል። ስንቶቻችሁ ቀለሙ መስሏችሁ ነበር?

ጥያቄ፦ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውስ የዓሣ ማጠራቀሚያ ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ በአየር የሚነፋ ነው። በከረጢቱ ዓሣ የሚዝቀው ፔሊካን ነው።

ጥያቄ፦ ኩሱ ለዛፉ ማዳበሪያ አይሆንም?

መልስ፦ በልኩ ከሆነ ይሆናል። ብዙ ሆነው አንድ ዛፍ ላይ ዓመት ከዓመት ከሰፈሩ ግን ቅጠሉን ያቃጥሉታል።

ጥያቄ፦ አሞራ ገደል (ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ) ላይ ለአባ ኮዳ የዓሣ አንጀት ብንወረውርለት ይጎዳዋል?

መልስ፦ አንጀቱ ምንም አይለው። አስጋሪዎቹ ቆሮሶና አምባዛ ሲያጸዱ አጠገባቸው ቆሞ የሚጠብቀው እሱን ነው። ችግሩ አብሮ የሚሄደው ፌስታል፣ መንጠቆና የመረብ ቁራጭ ነው፤ አባ ኮዳ ደግሞ መርጦ አይውጥም። ፌስታሉን ይዛችሁ ተመለሱ።