ለደባርቅ መንገድ ሲቪቲ ቪትዝ ወይስ አሮጌ ማኑዋል ኮሮላ?

ከጎንደር ደባርቅ የምትመላለስበት ከሆነ ማኑዋሉን ኮሮላ ግዛ።

ሲቪቲ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዓይነት ነው፤ እንደ ማኑዋል የሚቀያየር ማርሽ የለውም። ኃይል የሚያስተላልፈው በሁለት ፑሊዎች በተቆነጠጠ የብረት ቀበቶ ነው። ሰው ሞልቶ ረጅም ዳገት ሲወጣ ዘይቱ ይግላል። ቀበቶው መንሸራተት ከጀመረ ደግሞ ፑሊውን ይበላዋል፤ ያኔ ብዙ ጊዜ ካምቢዮው በሙሉ ነው የሚቀየረው። በማኑዋሉ ቶሎ የሚያልቀው የፍሪሲዮን ሸራ ነው፤ እሱን ደህና መካኒክ ሁሉ ይቀይርልሃል። (ለፒያሳ ግርግር ብቻ ቢሆን ቪትዙን አልጠላውም ነበር።)

ልቤ ቪትዙ ላይ ነው ካልክ፣ በደንብ ከሞቀ በኋላ የጎሃ ሆቴልን ዳገት አውጣው። ከተንቀጠቀጠ ወይም ከጎተተ ተወው። ዘይቱን ስታስቀይር ደግሞ የሲቪቲ መሆኑን ጣሳው ላይ ራስህ አንብብ። «የአውቶማቲክ ዘይት ሁሉ አንድ ነው» የሚል መካኒክ አጋጥሞኛል፤ አይደለም።