የእግዚአብሔር ቁጣና የእኛ ቂም

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ ነው፤ በቀፊራ ገበያ ቅመማ ቅመም እየሸጥሁ የምተዳደር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። እናታችን ካረፈች ሦስት ዓመት አልፏል። የተወችልንን ቤት ታላቅ ወንድሜ ሳያማክረኝ አከራይቶ ኪራዩን ለብቻው ሲበላ ቆይቷል። ስጠይቀው በሰው ፊት “አንቺ ምን አለሽና ነው የምትጠይቂኝ” ብሎ አዋረደኝ፤ ያን ቀን ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ሲያየኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሲነሣ ደሜ ይፈላል፤ በእናታችን ተዝካር ዕለት እንኳ ሰላም አላልሁትም። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው “ቁጣ ኃጢአት ነው” አሉኝ። መጽሐፍ ቅዱስ ስከፍት ግን እግዚአብሔር ራሱ ሲቆጣ አነባለሁ። ለእርሱ ያልተከለከለው ለእኔ ለምን ተከለከለ? ደግሞም በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ አክስቴን በወሰዳት ጊዜ ጎረቤቶቻችን “የእግዚአብሔር ቁጣ ነው” ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ይህን ሳስብ እፈራለሁ። አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ፦ ቅዱስ ገብርኤል ወንድሜን የእጁን ከሰጠው ለቁልቢ ጥላ ላስገባ ተስያለሁ። ታኅሣሥ 19 እየቀረበ ነውና ምን ላድርግ?

እኅትዎ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ እኅቴ፣ ከአክስትዎ ልጀምር፤ ነፍሳቸውን ይማር። እኔም ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ በዚያች ሌሊት፣ ድሬዳዋ ነበርሁ። በበጋ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ሰው ጫማውን ሳያረጥብ የሚሻገረው ያ ደረቅ አሸዋ በላይኛው የሐረርጌ ደጋ በጣለው ዝናብ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። በማግስቱ በገባሁበት አንድ ቤት ጭቃው በግድግዳው ላይ ከመስኮቱ ከፍ ብሎ መስመር ሠርቶ ነበር፤ ከመስመሩ አንድ ስንዝር በላይ የተሰቀለው የሠርግ ፎቶግራፍ ግን ጠብታ ውኃ ሳይነካው ሙሽራና ሙሽሪት እንደ ሳቁ ነበሩ። በሥዕሉ ውስጥ ካሉት ሁለቱ በሕይወት የተረፈው አንዱ ብቻ ነው። ይህን ያየ ሰው “የእግዚአብሔር ቁጣ ነው” ለማለት አፉን ሲከፍት ሊንቀጠቀጥ ይገባዋል።

ጌታችን ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ሰጥቶበታል። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች በሞቱ ጊዜ እነዚያ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች ይመስሏችኋልን ብሎ ጠይቆ፣ አይደለም ብሎ ራሱ መለሰ፤ ወዲያውም ንግግሩን በሕይወት ወዳሉት መልሶ ስለ ንስሐ አስጠነቀቃቸው (ሉቃ. 13፥4-5)። ነቢያት ይህ መቅሠፍት ስለዚህ ኃጢአት መጣ ያሉት ተልከው ነው፤ ጎረቤቶችዎን ግን ማንም አልላካቸውም። አክስትዎ በወንዙ ዳር የተኙት ከሌላው ሰው የባሰ ኃጢአት ስለ ነበረባቸው ነው ብሎ ማሰብ በሙታን ላይ መፍረድ ነውና ይህን ፍርሃት ከልብዎ አውጥተው እንዲጥሉት እለምንዎታለሁ።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስመጣ፣ አማርኛችን በዚህ ነገር ከምናስበው በላይ ይረዳናል። “አባቴ ተቆጣኝ” ስንል ገሠጸኝ፣ ከጥፋት መለሰኝ ማለታችን ነው። “ተናደደብኝ” ካልን ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ንዴት ከመንደድ የመጣ ቃል ስለ ሆነ አስቀድሞ የሚቃጠለው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ ይመስለኛል “እግዚአብሔር ተቆጣ” እያልን “እግዚአብሔር ተናደደ” ማለት ለአፋችን የሚከብደው። መጽሐፍ ቅዱስ “ቍጣው ነደደ” በሚልበትም ስፍራ፣ የእግዚአብሔርን እጅና ዓይን እንደሚጠቅሰው ሁሉ በሰው ቋንቋ እየነገረን ነው። በሲና ተራራ ስሙን ለሙሴ በገለጠ ጊዜ መሓሪ፣ ከቍጣ የራቀ ተብሏል (ዘፀ. 34፥6)፤ አባቶቻችን በግእዝ “ርኁቀ መዓት ወብዙኀ ምሕረት” እያሉ የሚጸልዩት ይኸው ነው። የዕብራይስጡ ፈሊጥ ቃል በቃል ቢተረጐም “አፍንጫው ረጅም” ይሆናል። ሰው ሲቆጣ ትንፋሹ አጥሮ አፍንጫው ሲነፋ አይተን እናውቃለን፤ የእግዚአብሔር ትንፋሽ ግን ረጅም ነው።

በምን እንደሚቆጣም ሕጉ ይነግረናል፤ መበለቲቱን ወይም ድሀ አደጉን ብታስጨንቁ፣ እነርሱም ወደ እኔ ቢጮኹ፣ እሰማለሁ፣ ቁጣዬም ይጸናባችኋል ይላል (ዘፀ. 22፥22-24)። መበለት ስትገፋ ደንታ የማይሰጠው አምላክ ቢሆን ኖሮ እርስዎ የደረሰብዎን በደል ለማን ባሰሙ ነበር? በወንጌልም በሰንበት ቀን እጁ የሰለለውን ሰው ይፈውሰው እንደ ሆነ ጌታን ይከሱት ዘንድ የሚጠባበቁትን “ስለ ልባቸውም ድንዛዜ አዝኖ” በቁጣ አያቸው (ማር. 3፥5)። ቁጣውና ኀዘኑ በአንድ ጊዜ፣ ለዚያውም በጠላቶቹ ላይ! ከዚያ በኋላም ያደረገው የሰውየውን እጅ መፈወስ ነው። ስለ እግዚአብሔር ቁጣ ስጠየቅ ከመብረቅና ከጎርፍ አስቀድሜ ይህን ጥቅስ የማነበው ስለዚህ ነው።

የእኛ ቁጣ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አይመጣም፤ የፍትሕ ረኀብና የተነካ ክብር ተቀላቅለውበት ይመጣል። እርስዎም የቤቱን ኪራይ በአጭሩ ጠቅሰው “በሰው ፊት አዋረደኝ” ሲሉ ብዕርዎ እንደ ረዘመ አስተውያለሁ። ይህን የምለው ልወቅስዎ ፈልጌ አይደለም፤ ውርደት ከገንዘብ ይልቅ ያማል። ንስሐ አባትዎ ያሉዎትም ሐዋርያው ያዕቆብ “የሰው ቍጣ የእግዚአብሔርን ጽድቅ አይሠራም” ካለው ጋር የሚስማማ ስለ ሆነ በእርሳቸው አይዘኑ። ሆኖም ቅዱስ ጳውሎስ “ተቈጡ ኃጢአትንም አታድርጉ፤ በቍጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ” ሲል (ኤፌ. 4፥26) በደልን አይቶ መቆጣትን በሙሉ ኃጢአት አላደረገውም፤ የሰጠው የአንዲት ጀምበር ዕድሜ ነው።

ይህ ቃል ለድሬዳዋ ሰው የተጻፈ እስኪመስለኝ ድረስ በልጅነቴ ይገባኝ ነበር። እንደሚያውቁት በእኛ ከተማ ጀምበር ስትጠልቅ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ከቤት ያወጣዋል፤ ምንጣፉ ደጅ ላይ ይነጠፋል፣ ወንበሩ ይወጣል፣ የተጣሉት ጎረቤት ደግሞ ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጦ ያዩታል። እናቴ በቧንቧ ውኃ ወረፋ ከጎረቤታችን ጋር ቃል የተለዋወጠች ዕለት፣ ፀሐይዋ ወደ መጥለቁ ስትል እኔን “ሂድና ቡና ደርሷል በላቸው” ብላ ትልከኝ ነበር። ሴትዮዋ አቦሉን ዝም ብለው ይጠጣሉ፤ ሁለተኛው ሲቀዳ የጀሪካኑ ነገር ይነሣል፤ ሁለቱም የሚሉትን ይላሉ። እናቴ ወረፋዋን አልተወችም፤ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነም ትናገር ነበር፤ ግን ያንን ነገር ይዛ አታድርም።

የእርስዎ ቁጣ እኅቴ፣ ሦስት ዓመት አድሯል፤ ያደረ ቁጣ ደግሞ ስሙ ቂም ነው። “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት” ይባል የለ? ስለትዎም የሚያሳስበኝ በዚህ ምክንያት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ “ለዲያብሎስም ፈንታ አትስጡት” ብሎ ለኤፌሶን ሰዎች እንደ ጻፈ፣ ለሮሜ ሰዎች ደግሞ ራሳችሁ አትበቀሉ፣ “ለቍጣው ፈንታ ስጡ” ብሏል (ሮሜ 12፥19)። ያው “ፈንታ” የሚለው ቃል ነው፤ ስፍራ ማለት ነው። በልብዎ ያለችው ያች ስፍራ ባዶ አትቀመጥም፤ ወይ ለእግዚአብሔር ፍርድ ትለቀቃለች፣ ወይ ሌላው ይገባባታል። በደልዎን በመላእክቱ አማላጅነት ወደ እግዚአብሔር ማሰማትዎ መልካም ነው፤ መዝሙረኛውም በእንባ አሰምቷል። ፍርዱን ራስዎ ወስነው፣ ወንድምዎ ሲጎዳ ለማየት ዋጋ መቁረጥዎ ግን ስፍራውን መልቀቅ አይደለም።

ስለዚህ የስለቱን ነገር ለንስሐ አባትዎ ገልጠው ይንገሯቸውና ወንድምዎ ወደ ልቡ እንዲመለስ በሚል ልመና እንዲለውጡልዎ ይጠይቋቸው፤ ጥላውን ገዝተውት ከሆነ በዚህ ልመና ወደ ቁልቢ ይዘውት ይውጡ። ቤቱን በተመለከተ ግን ዝም እንዲሉ አልመክርዎትም። ይቅርታ ማለት የእናትዎን ውርስ መተው ማለት አይደለም፤ ሽማግሌ መላክም፣ ሽማግሌ ካልሰማ ፍርድ ቤት መሄድም ከቂም የራቀ ሰው ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው። ከታኅሣሥ 19 አስቀድሞ በአንድ ምሽት ደጅዎ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስቀምጠው፣ ቡናው ሲደርስ ልጅዎን ይላኩበት፤ የኪራዩን ሒሳብ ሁለተኛው ሲቀዳ ይጠይቁት።