ዘጠነኛ የወጣሁ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ ፋርማሲ ውስጥ ኪኒን እየቆጠርኩ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። የእህቴ ልጅ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ማጂክ የሚባል የካርድ ጨዋታ ውድድር ላይ ነበር። «አጎቴ፣ አንድ ዙር ቀርቶኛል። 12 ነጥብ አለኝ። ተጋጣሚዬ አቻ እንውጣ እያለኝ ነው። ልስማማ ወይስ ልጫወት?»

ቆጠራው ጠፋብኝ። እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ውድድሩ የሚጀምረው በስዊስ ዙር ነው። ስሙ በ1895 ዙሪክ ላይ ከተደረገ የቼዝ ውድድር የመጣ ነው። የተሸነፈ አይባረርም፤ በየዙሩ ነጥቡ ከሚቀራረበው ሰው ጋር ይጋጠማል። እንደ ኳስ ማሸነፍ 3፣ አቻ 1 ነጥብ። ዙሮቹ ሲያልቁ ከላይ ያሉት ስምንቱ ወደ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ። ጣጣው ነጥብ እኩል ሲሆን ነው። ኳስ ላይ የጎል ልዩነት አለ። እዚህ ግን መጀመሪያ የሚታየው የገጠማችኋቸው ሰዎች ውጤት ነው፤ ሊያገኙት ከሚችሉት ነጥብ ስንት ፐርሰንቱን እንዳገኙ። ጠዋት ያሸነፋችሁት ሰው ከሰዓት ሌላ ጠረጴዛ ላይ ሲሸነፍ፣ እናንተም አብራችሁ ትወርዳላችሁ።

እኔ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰው በ2004 ነው፣ በፈረንጅ። ቀን ኮሌጅ እማራለሁ፣ ማታ ፓርኪንግ እሠራለሁ። እናቴ ስትደውል «ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። «ካርታ እጫወታለሁ» አልኳት። እሷ የምታውቀው ካርታ ሰፈራችን ውስጥ በብር ኮንከር የሚጫወቱትን ጎረምሶች ነው። «ልጄን ከቁማር አውጣልኝ» ብላ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳለች። ስለቱን አስገብታ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

ያን ቀን ካርድ ሱቁ ውስጥ 46 ተጫዋች፣ 6 ዙር ነበር። የመጀመሪያው ተጋጣሚዬ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ካርዶቹ የፕላስቲክ ሽፋን የላቸውም። ጠርዛቸው ተበልቷል። በገንዘብ ላስቲክ ነው ያሰራቸው። ዴኩ፣ ማለትም የሚጫወትበት የካርድ ስብስብ፣ ጎብሊን የሚባለው ዓይነት ነበር፤ መጥፎ አልነበረም። ልጁ ግን ይቸኩላል። በአሥር ደቂቃ ጨረስኩት።

ሁለተኛውንም ዙር ተሸነፈ። ሳንድዊች እየበላሁ ሳለ መጣና «ልቀጥል ወይስ ልሂድ?» አለኝ። ለምን እኔን እንደጠየቀኝ አላውቅም። ምናልባት ከሌላው ሰው ይልቅ እኔን ስለሚያውቀኝ ይሆናል፤ አሥር ደቂቃ አብረን ተቀምጠናላ። ቀና ብዬም አላየሁት። «ከእንግዲህ ስምንት ውስጥ አትገባም። ሂድ፣ ጊዜህን አታባክን» አልኩት። ላስቲኩን ሁለቴ ጠምጥሞ ካርዶቹን ኪሱ ከተተና ወጣ።

እኔ ሦስተኛው ላይ ብቻ ተሸንፌ ስድስተኛው ዙር ላይ 12 ነጥብ ይዤ ደረስኩ። ተጋጣሚዬ ጺማም ሰውዬ ነው፣ እሱም 12 አለው። «አቻ እንውጣ፣ ሁለታችንም እንገባለን» አለኝ። ልክ ነበር። 13 ነጥብ ያን ቀን በቂ ነበር። እኔ ግን «በስምምነት የሚገባ ፈሪ ነው» አልኩ። ሰውዬው ትከሻውን ነቀነቀና ካርዱን መበወዝ ጀመረ። አንድ ለአንድ ሆነን፣ ሦስተኛውን ጨዋታ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ወሰደብኝ።

ውጤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ዘጠነኛ። ስምንተኛውም እንደኔ 12 ነጥብ ነው ያለው። የለየን የተጋጣሚዎቻችን ውጤት ነው፤ ልዩነቱ ከአንድ ፐርሰንት በታች ነበር።

ሜትሮ ውስጥ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ሒሳቡን ሠራሁ። ሕጉ ማንኛውንም ተጋጣሚ ከ33 ፐርሰንት በታች አይቆጥርም። ዜሮ ለሁለት ሆኖ የሄደው ልጅ 33 ተይዞለታል። ቆይቶ ከቀሩት አራት ዙሮች ሁለቱን ቢያሸንፍ ያው 33 ነው፣ ምንም አይለውጥም። ሦስቱን ቢያሸንፍ ግን 50 ይሆናል። ልዩነቱ ለስድስቱ ተጋጣሚዎቼ ሲካፈል ሦስት ፐርሰንት ገደማ ነው። እገባ ነበር።

ሦስቱን ያሸንፍ ነበር ወይ? እንጃ። ልጁን ከዚያ በኋላ እዚያ ሱቅ አይቼው አላውቅም። ለሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን አይ ነበር።

እንግዲህ ምክር። እንቅልፍ ተኙ፣ ውሃ ጠጡ የሚለውን እናቶቻችሁ ይንገሯችሁ። አቻ ከመስማማታችሁ በፊት ግን የደረጃ ሰንጠረዡን ራሳችሁ ቁጠሩ። ከታች ያለ ሰው አሸንፎ ሊያልፋችሁ ይችላል። የዛሬ ልጆች ዴኩን ከኢንተርኔት ትገለብጣላችሁ፣ ነጥቡንም አፕ ያሰላላችኋል፣ ከዚያ አጎት ትጠይቃላችሁ። በገንዘብ አቻ መግዛትና አሸናፊውን በዳይስ መለየት ከውድድሩ ሊያስባርር ይችላል። ዩ-ጊ-ኦ የምትጫወቱ ደግሞ፣ እዚያ ተስማምቶ አቻ መውጣት ራሱ ክልክል ነው።

ማጂክ ላይ ከሆናችሁና ሒሳቡ ከፈቀደ፣ አቻ ውጡ። ያለ ኀፍረት። እኔ ራሴ ግን ዛሬ እዚያ ወንበር ላይ ብቀመጥ የምጫወት ይመስለኛል። ያ ሦስተኛ ጨዋታ በሕይወቴ ካደረግኳቸው ሁሉ ምርጡ ነው።

ለእህቴ ልጅ «አቻ ውጣ» ብዬ ጻፍኩለት። የልብ ምልክት ላከልኝ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ «በመጀመሪያው ዙር የገጠምከው ልጅ አሁንም እዚያ አለ?» አልኩት።

«ማን?» አለኝ።