የሮቶውን ሥዕል ተወውና ቁጥሩን ላክ

ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ባለ የፍራፍሬ እርሻ ላይ የጉድጓድ ፓምፕ የሚቆጣጠር አንድ ልጅ ጻፈልኝ። ራስበሪ ፓይ 3 የምትባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ከ7 ኢንች ታች ስክሪን ጋር ገጥሟል። ድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ ሰፈር ቤቱ ቁጭ ብሎ በሞባይል ኢንተርኔት ስክሪኑን በቪኤንሲ (የሩቅ ኮምፒውተርን ስክሪን በሚያሳይ ፕሮግራም) ይከፍታል። ምስሉ ይንቀራፈፋል፣ ዳታው ቶሎ ያልቃል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጭራሽ ይቆማል። «ቀለል ያለ ዴስክቶፕ ልቀይር፤ ኤልኤክስዲኢ ይሻለኛል ወይስ ኤክስኤፍሲኢ?» ነው ጥያቄው።

አቦ ወንድሜ፣ ሁለቱም አያድኑህም። ትንሽ ሚሞሪ ታተርፋለህ እንጂ መስመሩን የሚያጨናንቀው ምስሉ ራሱ ነው። ስክሪንህ 800 በ480 ነጥብ ነው። ለአንድ ነጥብ 2 ባይት ብንይዝ አንዱ ምስል ብቻ 768,000 ባይት ይሆናል። ቪኤንሲ ጨምቆ፣ ያውም የተለወጠውን ቦታ ብቻ እንደሚልክ አውቃለሁ። ግን በላክልኝ ፎቶ ላይ ሮቶው ውስጥ ማዕበል የሚሠራ ሰማያዊ ውሃ ሥለሃል፤ ውሃው በተወዛወዘ ቁጥር ግማሹ ስክሪን ስለሚለወጥ ያ ሁሉ እንደ አዲስ ተጨምቆ ይላካል፣ ጭመቃው ደግሞ ፓዩን ያግለዋል። በ7 ሰዓት የድሬ ፀሐይ የብረት ሳጥን ውስጥ ተዘግቶ ነው ይህን የሚሠራው! 80 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የከሰዓቱ ችግር ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ማዕበሉን አጥፋና ነገ ሞክረው።

እኔ ብሆን የእርሻውን ስክሪንና የቤትህን ለያይቼ እሠራቸው ነበር። እርሻው ላይ ዴስክቶፑን ጨርሶ አውጣና ቁልፍና ጽሑፍ ስክሪን ላይ በሚሥለው በኤልቪጂኤል ሥራው። ለትንንሽ ማይክሮኮንትሮለር የተሠራ ላይብረሪ ስለሆነ ጥቂት አስር ኪሎባይት ሚሞሪ ይበቃዋል፤ ሊኑክስ ላይ ደግሞ በቀጥታ ፍሬምበፈሩ (የስክሪኑ ምስል በሚቀመጥበት ሚሞሪ) ላይ ይሥላል። አብሮት የሚመጣው ፎንት ግን የእኛ ፊደል የለውም። በራሱ የፎንት መቀየሪያ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከሚባለው የግዕዝ ፎንት የምትፈልጋቸውን ፊደሎች ብቻ አውጣ፤ «አብራ» እና «አጥፋ» ለማለት 5 ፊደል ይበቃሃል። ቁልፎቹን የሚነካው ጥበቃው ነውና ትልልቅ አድርግለት። ኤልቪጂኤል የሚጻፍበት ሲ ቋንቋ ካልሆነልህ ኦፕንቦክስን (መስኮቶችን ብቻ የሚያስተዳድር ቀላል ፕሮግራም) ብቻ አስነሳና ያለህን ፕሮግራም በሙሉ ስክሪን ክፈትበት። የኢንተርኔት ማሰሻውን ክሮሚየምን ግን በፓዩ 1 ጊጋ ሚሞሪ ቀኑን ሙሉ ከፍተህ አትተው።

ለቤትህ ቁጥሩ ይበቃሃል። ትንሽ ሰርቨር ተከራይና መልእክት ተቀብሎ የሚያስተላልፈውን ሞስኪቶን ጫንበት፤ ፓዩ በኤምኪውቲቲ (አጫጭር መልእክት መላላኪያ ዘዴ ነው) «ሮቶ 62፣ ፓምፕ በርቷል» ብሎ ይላክለት። መቶ ባይት አይሞላም። ሥዕሉን ስልክህ ይሣለው። ግንኙነቱን የሚጀምረው ፓዩ ስለሆነ የሞባይሉ መስመር ከውጭ የሚደረስበት አድራሻ ባይሰጥህም ግድ የለም። ኤምኪውቲቲ የኑዛዜ መልእክት የሚባል ነገርም አለው፤ ፓዩ ድንገት ከጠፋ ሰርቨሩ እሱን ወክሎ «ተቋርጧል» ይልሃል።

ይህን የምልህ ስለደረሰብኝ ነው። አንዴ በቪኤንሲ ስከታተል ሮቶው ግማሽ ነው ይላል፣ ፓምፑ ይሠራል፣ ሁሉ ሰላም። ጥበቃው ደውሎ ውሃው ሞልቶ ግቢውን እያጥለቀለቀ ነው አለኝ። ለካ መስመሩ ተቋርጦ እኔ የማየው የቆየ ምስል ነው። «አጥፋ»ን ብጫን ብጫን ማን ይስማኝ! ከዚያ ወዲህ የመጨረሻው ንባብ የመጣበትን ሰዓት በትልቁ ሳልጽፍ ምንም አላስረክብም፣ 30 ሰከንድ ካለፈው ደግሞ ቁጥሩን አደበዝዘዋለሁ።

ቪኤንሲውን ለጥገና ብቻ አስቀረው፤ እሱንም መስመሩን በሚመሰጥሩት በዋየርጋርድ ወይም በኤስኤስኤች ውስጥ አሳልፈው። የድሮው ዓይነት ቪኤንሲ የይለፍ ቃልህን የመጀመሪያ 8 ፊደል ብቻ ነው የሚያየው፣ ምስሉም ሳይመሰጠር ነው የሚሄደው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሚሞሪ ካርዱ እንዳይበላሽም ፋይል ሲስተሙን ለንባብ ብቻ አድርገው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሮቶው ላይ ፍሎት ስዊች (ውሃው ከፍ ሲል የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ) ግጠምና የፓምፑን መብራት በሚያገናኘውና በሚያቋርጠው ኮንታክተር ኮይል መስመር ላይ በቀጥታ አስገባው፤ ፓዩ ቢሞትም፣ ኔትወርክ ባይኖርም ሮቶው ሲሞላ ፓምፑ ይቆማል። ሶፍትዌሩን ከዚያ በኋላ ተረጋግተህ ትሠራዋለህ።