ኢንተርኔት የሌለው ሰርቨር ፈርምዌሩ እንዴት ይታደሳል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። የመሥሪያ ቤታችን ሰርቨር ክፍል ከኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ የተቆረጠ ነው። ሰርቨሮቹ ዴል ፓወርኤጅ አር740 ናቸው፣ የተጫነባቸው ሊኑክስ ነው። ለሊኑክስ የሚሆኑትን የፈርምዌር (የሰርቨሩን ዕቃዎች ከውስጥ የሚያሠራው ሶፍትዌር) ፋይሎች ሌላ ቦታ አውርጄ በፍላሽ አስገባሁና አንድ ኮምፒውተር ላይ ሼር አደረግኳቸው። አይድራኩ (ሰርቨሩን ከርቀት ለማስተዳደር በውስጡ ያለው የዴል መቆጣጠሪያ) ግን ካታሎጉን አላገኘሁም እያለ አስቸገረኝ። ምን ላድርግ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለት ነገር ተደራርቦብሃል። አንደኛው ካታሎጉ ነው። አይድራክ ፎልደር ውስጥ ገብቶ ፋይል አይፈልግልህም፤ የትኛው ፋይል ለየትኛው ሞዴል፣ ለየትኛው ዕቃ እንደሚሆንና ስሪቱ ስንት እንደሆነ የሚነግረው የኤክስኤምኤል ፋይል ይፈልጋል። እሱ ከሌለ ፎልደሩ ለአይድራክ ባዶ ነው።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። ሰርቨሩ ላይ ሊኑክስ ስላለ የሊኑክሱን ፓኬጅ አወረድክ፣ አይድራክ ግን የተጫነው ሲስተም ምንም ይሁን ምን የሚቀበለው የዊንዶውስ 64 ቢቱን፣ መጨረሻው ኢኤክስኢ የሆነውን ነው። ግራ ያጋባል፣ ግን እንደዚያ ነው። መጨረሻቸው ቢን የሆኑት የሊኑክስ ፋይሎች የሚሠሩት ሊኑክሱ ውስጥ ገብተህ ራስህ ስታስኬዳቸው ነው።

ካታሎጉን በእጅህ ለመጻፍ አትድከም። ኢንተርኔት ያለው የዊንዶውስ ላፕቶፕ ላይ ፋይሎቹን አውርዶ ካታሎጉን የሚያዘጋጅልህን የዴል ፕሮግራም፣ ዴል ሪፖዚተሪ ማኔጀርን ጫን፣ በነጻ ነው። የአንተን ሞዴል ብቻ ምረጥ፣ አለዚያ የሁሉንም ሰርቨር ፋይል ላውርድ ብሎ ይነሳና ዳታህን ይጨርሰዋል። የፓኬጅ ዓይነቱን ዊንዶውስ 64 ቢት በል። ኤክስፖርት ስታደርግ ካታሎጉና ፋይሎቹ አብረው ይወጣሉ፤ ፎልደሩን እንዳለ ቅዳ፣ ስም አትቀይር።

ወደ ውስጥ ካስገባኸው በኋላ በኤንኤፍኤስ (በሊኑክስ የተለመደው የፋይል ሼር)፣ በዊንዶውስ ሼር ወይም በኤችቲቲፒ አቅርበው። አይድራክ የራሱ አይፒ አለው፣ ብዙ ጊዜም ከሰርቨሩ በተለየ ኔትወርክ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ስለዚህ ሰርቨሩ ሼሩን አየው ማለት አይድራኩም ያየዋል ማለት አይደለም። የኮምፒውተሩን ፋየርዎልም እየው። ከዚያ በአይድራኩ ገጽ ላይ ሜንቴናንስ፣ ሲስተም አፕዴት ገብተህ አድራሻውንና የካታሎጉን ስም ሙላ።

መጀመሪያ አይድራኩን ራሱን አድስ። ሰርቨሩ ሥራ ላይ እያለ ይታደሳል፣ ለጥቂት ደቂቃ አይድራኩ ብቻ ይጠፋብሃል። ስሪቱ በጣም ያረጀ ከሆነ በቀጥታ ወደ አዲሱ ላይዘል ስለሚችል ሪሊዝ ኖቱን (ከስሪቱ ጋር የሚወጣውን ማብራሪያ) ሳታነብ አትጀምር። ባዮስን (ሰርቨሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራውን ፈርምዌር) ማደስ ሪስታርት ይፈልጋል፣ እሱን ከሥራ ሰዓት ውጪ አድርገው፤ ሁሉንም በአንዴ ሳይሆን ብዙ ሰው የማይጠቀምበትን አንድ ሰርቨር አስቀድመህ ሞክር። ካልተስማማህ ሮልባክ የሚለው ወደ ቀድሞው ስሪት ይመልስሃል።

ሼር ማድረግ የማይፈቀድበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ያንኑ ፎልደር በፋት32 ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ ገልብጥ፣ ሰርቨሩ ሲነሳ ኤፍ10 ተጫንና ከላይፍሳይክል ኮንትሮለር (ሰርቨሩ ውስጥ አብሮ ያለው የማስተዳደሪያ ሜኑ) ፈርምዌር አፕዴት የሚለውን ምረጥ። ሰርቨሩ ግን እስኪጨርስ ከአገልግሎት ውጪ ነው፣ አስቀድመህ አሳውቅ።